ታችፓድንና ቀይዋን ነጥብ ሊኑክስ ላይ ማጥፋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል። ፎርማት አደርጋለሁ፣ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ዊንዶውስ የከበዳቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሊኑክስ እጭናለሁ። ብዙው ማሽን ያኔ ነፍስ ይዘራል። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። በሳምንቱ ስልክ ይደውላል፦ «ቀስቷ ዝም ብላ ትሄዳለች»፣ «ስጽፍ ከርሰሩ ይዘላል»፣ «ይችን ማውስ አጥፋልኝና ልገላገል»።

ጥያቄው ስለበዛ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። አንድ ነገር ላስቀድም። ብዙውን ሰው የምረዳው በስልክ ስለሆነ ትዕዛዝ የምናገረው በቃል ነው። እዚህም አፌ እንደሚለው በራሳችን ፊደል አስቀምጬዋለሁ። ቴርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን የምትተይቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ለይቼ ካልነገርኳችሁ ሁሉም ስሞል ሌተር ነው።

ላፕቶፔ ስንት ማውስ ነው ያለው?

ብዙዎቹ አንድ ነው ያላቸው፤ ታችፓዱ፣ ከኪቦርዱ በታች በጣት የሚነካው ሰሌዳ። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ ከሚገቡት ውስጥ ግን ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ሞልተዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሁለት ያላቸው ብዙ ናቸው። ሁለተኛዋ ኪቦርዱ መሀል፣ በጂ፣ በኤችና በቢ መካከል ብቅ ያለችው ጫፍ ናት። ቲንክፓድ ላይ ቀይ ናት፤ ስሟ ትራክፖይንት። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ካወጣው ቲንክፓድ 700ሲ ጀምሮ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የአይቢኤም የኮምፒውተር ክፍል ወደ ሌኖቮ ሲዞር አብራ ተሻገረች።

እኔ እወዳታለሁ። እጅን ከኪቦርድ ሳያነሱ መሥራት ነው። ደንበኞቼ ግን የተበላሸ ቁልፍ ነው የምትመስላቸው፤ አንዷማ «ይህን ቀይ ነገር ንቀልልኝ፣ ጥፍሬን ይይዘኛል» ብላኛለች።

የምታስቸግረኝ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ግን ይዘለዋል፤ ቀጥታ ወደ ማጥፋቱ ይሄዳል። አንድ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ታችፓዱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ፣ ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎ ነበር ወደ እኔ የመጣው። ቀስቷ አሁንም ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ትንሸራተታለች። ታችፓዱ ባልሠራው ጥፋት ነበር የታሰረው።

መጀመሪያ እጃችሁን ከማሽኑ ላይ አንሱና ቀስቷን ብቻ ተመልከቱ። ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የምትሄድ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ቀይዋ ላይ አድርጉ። ዝም ብላ ቆማ ስትጽፉ ብቻ ብድግ ብላ ሌላ ቦታ የምትገኝ ከሆነ መዳፋችሁ ታችፓዱን እየነካ ነው። ማንም ሳይነካት ክሊክ የምታደርግ ከሆነ፣ ወይም ቻርጀር ሲሰካ ብቻ የምታብድ ከሆነ፣ ከታች ሁለቱን ለየብቻ ጽፌያቸዋለሁ።

በግምት ካልሆነላችሁ ማሽኑን ራሱን ጠይቁት። ኡቡንቱና ሚንት የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሊብኢንፑት ቱልስ የሚባል ትንሽ ፓኬጅ (ፕሮግራም) አለ፤ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብኢንፑት ሰረዝ ቱልስ» ብላችሁ ታወርዱታላችሁ። ከዚያ «ሱዶ ሊብኢንፑት ዲበግ ሰረዝ ኢቨንትስ»። መጀመሪያ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ስምና ኢቨንት የሚል ቁጥር አለው። እጃችሁን አንሱና ጠብቁ። ቀስቷ ስትንቀሳቀስ አዳዲስ መስመሮች መውረድ ይጀምራሉ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉት፤ ጥፋተኛው ያ ነው። ለማቆም ኮንትሮልና ሲ።

የተማሪው ላይ ትራክፖይንት የሚለው ስም ነበር የወጣው። ቀዩን ቆብ በጥፍሬ ሳነሳው ሥሩ ላይ የቆሎ ገለባ ተጣብቋል። አንድ ስስ ገለባ ዘንጓን ወደ ጎን ገፍቷት፣ እሷም «እየገፉኝ ነው» ብላ ለወራት ስትታዘዝ ኖራለች። ጠርጌ መለስኩት፤ ምንም ያጠፋነው ነገር የለም።

ሌላም አለ። ቀይዋ ራሷን ታስተካክላለች። ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ከገፋችኋት ያንን እንደ መነሻ ትቆጥረዋለች፤ ስትለቋት ለጥቂት ሰከንድ ወደ ሌላ ወገን ትንሸራተትና ትቆማለች። ያ ብልሽት አይደለም። እጃችሁን አንሱና ተዋት፤ ከታገላችኋት ይብስባታል።

ማንም ሳይነካት ክሊክ ታደርጋለች። ላጥፋት?

ቆዩ። ላፕቶፑን ዝጉና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ይወላገዳል? ታችፓዱ ከዙሪያው ከፍ ብሏል? ክሊኩ ደንድኗል? ባትሪው አብጦ ይሆናል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው የሚቀመጠው ልክ ከታችፓዱ ሥር ነው፤ ሲያብጥ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ታችፓዱም ጣት የነካው ይመስለዋል።

ይህን በሶፍትዌር ማጥፋት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ ባትሪውን የሚያወጣላችሁ ሰው ጋ ውሰዱት። ራሳችሁ በስክሩድራይቨር እንዳትጎረጉሩት፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ከተወጋ ይቃጠላል። አንዲት የኮዬ ፈጬ ደንበኛዬ «ታችፓዱን ብቻ አጥፋልኝ፣ ዘንድሮ ወጪ በዝቶብኛል» አለችኝ። ከፍቼ ሳሳያት ባትሪው እንደ አምባሻ ተነፍቷል። ማን እንደሸጠላት አልናገርም፤ ሰውየው ግን ያውቅ ነበር፣ ታችፓዱን አጥፍቶ ነው የሸጠላት።

ባትሪ ወጥቶም በቻርጀር ብቻ የሚሠሩ ብዙ ሞዴሎች አሉ። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል እንጂ እቤት ከመቃጠል ይሻላል።

ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ነው የሚዘለው፤ ሲነቀል ሰላም ነው።

እንግዲያው ሊኑክስም ታችፓዱም ንጹሕ ናቸው። ታችፓድ የጣትን ኤሌክትሪክ ነው የሚያዳምጠው። ርካሽ ቻርጀር፣ ወይም ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ያልገባለት ሶኬት፣ በሽቦው በኩል ጫጫታ ይልክበታል። የብረት አካል ያለው ላፕቶፕ ላይ ክንዳችሁን ስታሳርፉ ነዘር ነዘር ካደረጋችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሶኬት። እዚህ ዳር ዳሩ ላይ፣ በተለይ ገና እየተሠሩ በተገባባቸው ቤቶች፣ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ግድግዳው ላይ ይኖራል፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ስጽፍ ከርሰሩ እየዘለለ አስቸገረኝ። ታችፓዱን የግድ ማጥፋት አለብኝ?

አማርኛ የሚጽፍ ሰው በዚህ ከማንም በላይ ይቃጠላል። «ላ» ልትሉ ኤልን ስትመቱ «ል» ይወጣል፤ አናባቢዋን ስታስከትሉ ነው «ላ» የሚሆነው። በሁለቱ መካከል መዳፋችሁ ታችፓዱን ከነካ «ል» እዚህ ትቀራለች፣ አናባቢዋ ሦስት መስመር ላይ ሄዳ ብቻዋን ትቀመጣለች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ የዕድር ደብዳቤ ሲጽፉ እንዲህ ሆነባቸውና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ፊደል ገደፈ» ብለው ጠሩኝ።

ለእሳቸው ታችፓዱን አላጠፋሁትም። ያጠፋሁት መታ በማድረግ ክሊክ ማድረግን ብቻ ነው፤ ሴቲንግስ ውስጥ ማውስና ታችፓድ የሚለው ጋ ገብታችሁ «ታፕ ቱ ክሊክ» የሚለውን ታጠፉታላችሁ። ከዚያ በኋላ መዳፍ ቢያርፍም ቀስቷ ትንሽ ትንቀሳቀስ ይሆናል እንጂ ክሊክ አታደርግም፤ ከርሰሩም ካለበት አይነቃነቅም። ክሊክ ሲፈልጉ ቁልፉን ይጫኑታል። እዚያው አካባቢ «ዲሴብል ዋይል ታይፒንግ» የሚል ካለ ደግሞ መብራቱን አረጋግጡ፤ ስትጽፉ ታችፓዱን ለአፍታ ያስተኛዋል። እኔ ጋ ከሚመጣው የመዝለል አቤቱታ አብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ያልቃል።

እሺ፣ ታችፓዱን ግን በጭራሽ አልፈልገውም። ቀላሉ መንገድ?

መጀመሪያ ከኪቦርዱ ላይኛ ረድፍ ታችፓድ የተሳለበት ቁልፍ ካለ ኤፍኤንን ይዛችሁ እሱን ምቱት። ሠራ? በቃ።

ካልሠራ ሴቲንግስ። ኡቡንቱ ላይ ማውስና ታችፓድ የሚለው ውስጥ ታችፓዱን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ አለ። ሚንት ላይም እንዲሁ። ኬዲኢና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉትን የሊኑክስ ዴስክቶፖች የምትጠቀሙ ደግሞ ታድላችኋል፤ ከዝርዝር መሣሪያውን መርጣችሁ ምልክቱን ታነሳላችሁ፣ ቀይዋም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናት።

በትዕዛዝ የሚፈልግ ሰው ካለ የኡቡንቱ ይህ ነው፤ ትንፋሽ ሰብስቡ፦ «ጂሴቲንግስ»፣ ክፍተት፣ «ሴት»፣ ክፍተት፣ «ኦርግ ነጥብ ግኖም ነጥብ ዴስክቶፕ ነጥብ ፔሪፈራልስ ነጥብ ታችፓድ»፣ ክፍተት፣ «ሴንድ ሰረዝ ኢቨንትስ»፣ ክፍተት፣ «ዲሴብልድ»። ለመመለስ የመጨረሻውን ቃል «ኢኔብልድ» ማድረግ ነው። ይህ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራም ይቆያል።

ማውስ ስሰካ ብቻ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔም ራሴ የምጠቀመው ይህን ነው። ቅድም ባልኩት ረጅም ትዕዛዝ መጨረሻ ላይ በ«ዲሴብልድ» ፋንታ «ዲሴብልድ ሰረዝ ኦን ሰረዝ ኤክስተርናል ሰረዝ ማውስ» ትላላችሁ። ኬዲኢ ላይ በሴቲንግስ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለው። ሽቦ አልባ ማውስ ያላችሁ ሰዎች፣ ያቺ ጥፍር የምታህል መቀበያ ዩኤስቢው ላይ ተሰክታ ከቀረች ማሽኑ ማውስ አለ ብሎ ያስባል። ገላን ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ የሚሠራ ደንበኛዬ ማውሱን ቢሮ ረስቶ ቤቱ ይገባል፤ ታችፓዱ አልሠራ ይለዋል። ማታ በሦስት ሰዓት ደወለልኝ፣ «ሞተብኝ» እያለ። መቀበያዋን ንቀላት አልኩት። ነቀላት፤ ተነሳ። ሳቀ፣ እኔም ወደ እራቴ ተመለስኩ።

ሴቲንግስ ውስጥ ቀይዋን ማጥፊያ አጣሁ።

ኡቡንቱ ላይ የላትም። እዚህ ጋ ነው ቴርሚናል የሚያስፈልገው። ትዕዛዙ «ኤክስኢንፑት» ነው፤ ኤክስ የምትለዋ ፊደልና ኢንፑት፣ ያለ ክፍተት። «ኤክስኢንፑት ሊስት» ብላችሁ ኢንተር ስትሉ የመሣሪያዎቹ ስም ይዘረዘራል። ቀይዋ ብዙ ጊዜ «ቲፒፒኤስ ስላሽ 2 አይቢኤም ትራክፖይንት» ተብላ ትገኛለች። ሌኖቮ የገዛ ሰው አይቢኤም የሚል ሲያይ የተጭበረበረ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ የድሮ ስሟ ነው። አዳዲሶቹ ላይ አይቢኤም በሚለው ቦታ ኢላን ይላል። ታችፓዱ ሲናፕቲክስ፣ አልፕስ ወይም ኢላንቴክ የሚል ስም ይኖረዋል።

ከስሙ ጎን አይዲ የሚል ቁጥር አለ። ለጊዜው በቁጥሩ መሥራት ይቻላል፦ «ኤክስኢንፑት ዲሴብል 12»፣ የእናንተ ቁጥር 12 ከሆነ። ቋሚ ነገር ላይ ግን ቁጥር እንዳትጽፉ። ሌላ ማውስ ስትሰኩ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ፣ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ዛሬ 12 ቀይዋ ናት፣ ነገ 12 ኪቦርዱ ሊሆን ይችላል። በቁጥር ቆልፎት ጠዋት ኪቦርድ አጥቶ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ስሙን በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ካፒታል ሌተሩን ሳይቀር እንዳለ ጻፉት፤ ከዝርዝሩ ኮፒ ማድረግ ይሻላል።

ቀይዋ ስትጠፋ ከታችፓዱ በላይ ያሉት የእሷ ቁልፎችም አብረው ዝም ሊሉ ይችላሉ። ቲንክፓድ ላይ እነዚያን ቁልፎች የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ቀድመው ይወቁት።

ኤክስኢንፑት ዝርዝሩ ውስጥ ስሟን አጣሁ። ኤክስዌይላንድ የሚል ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

ዌይላንድ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ መስኮት የሚያሳዩ ሁለት ሥርዓቶች አሉ፤ የድሮው ኤክስ ነው፣ አዲሱ ዌይላንድ። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ በዌይላንድ ነው የሚነሳው። ኤክስኢንፑት የድሮው ሰው ነው፤ አዲሱ ቤት ቢገባም የሚሰማው የለም። ሚንት ሲናመን ላይ ያላችሁ ግን ማሽናችሁ ብዙውን ጊዜ በኤክስ ስለሚነሳ አትጨነቁ።

ኡቡንቱ 22.04 እና 24.04 ላይ ስማችሁን መርጣችሁ ፓስወርድ ከማስገባታችሁ በፊት ከታች በቀኝ ጥግ የባለ ጥርስ ጎማ (የጊር) ምልክት ትወጣለች። እሷን ነክታችሁ ኤክስኦርግ (ያው የድሮው ኤክስ) የሚለውን ብትመርጡ ኤክስኢንፑት ይሠራል። እኔ ግን ለዚህ ብላችሁ ቤት እንድትቀይሩ አልመክርም። የሚቀጥለው መንገድ ሁለቱም ላይ ይሠራል።

አጠፋኋት፤ ማሽኑን ሳስነሳው ተመልሳ መጣች። ለሁልጊዜ እንዴት ነው?

ኤክስኢንፑት የሚያዘው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። አንዳንዴ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት እንኳ ይረሳዋል። ሚንት ላይ ትዕዛዙን «ስታርትአፕ አፕሊኬሽንስ» ውስጥ መጨመር ትችላላችሁ፤ በገባችሁ ቁጥር ይደግመዋል።

ደህናው መንገድ ግን ዩዴቭ ነው። ዩዴቭ ማለት መሣሪያ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «አንተ ማነህ» የሚለው የሊኑክስ ዘበኛ ነው። ስሟን ሰጥተን «ይህችን አታስገባ» እንለዋለን። ፋይሉ የሚቀመጠው «ስላሽ ኢቲሲ፣ ስላሽ ዩዴቭ፣ ስላሽ ሩልስ ነጥብ ዲ» ውስጥ ነው። ቴርሚናል ውስጥ በሚሠራው መጻፊያ፣ በ«ሱዶ ናኖ» ክፈቱት። ስሙን 99 ብላችሁ ጀምሩና የፈለጋችሁትን ጨምሩ፤ መጨረሻው ነጥብ ሩልስ ካልሆነ ግን አያየውም።

ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፣ መሀላቸው ኮማ።

የመጀመሪያው፦ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ ኤስ በካፒታል። ከዚያ በጠማማ ቅንፍ ውስጥ ኔም፣ በስሞል። ከዚያ ሁለት የእኩል ምልክት ተከታትለው። ከዚያ የመሣሪያው ሙሉ ስም በትዕምርተ ጥቅስ። አምስቱ ፊደላት ሲነበቡ «አትርስ» ነው የሚሉት፤ በዚያ ያዙት።

ሁለተኛው፦ ኢ፣ ኤን፣ ቪ በካፒታል። በጠማማ ቅንፍ ውስጥ ሊብኢንፑት፣ ኢግኖር፣ ዲቫይስ የሚሉት ሦስት ቃላት፣ ሁሉም በካፒታል፣ በታች ሰረዝ የተያያዙ። ከዚያ አንድ የእኩል ምልክት። ከዚያ 1 በትዕምርተ ጥቅስ።

ሰው የሚሳሳተው የእኩል ምልክቱ ላይ ነው። ሁለት ሲሆን «ይህ ከሆነ» ማለት ነው፣ አንድ ሲሆን «ይህ ይሁን»። ካገላበጣችሁት ፋይሉ አለ፣ ቀይዋም አለች። አስቀምጡና ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ፋይሉን ሰርዛችሁ እንደገና ማስነሳት ነው፤ ሌላ የተነካካ ነገር የለም።

ባዮስ ላይ ማጥፋት አይሻልም?

ባዮስ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግስ ነው። ቲንክፓድ ከሆነ አዎ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ1ን ምቱ፣ ኮንፊግ ውስጥ ኪቦርድና ማውስ የሚለው ጋ ግቡ፤ ትራክፖይንትና ታችፓድ ለየብቻ ማጥፊያ አላቸው። ኤፍ10 ብላችሁ አስቀምጡ። ሊኑክስም ዊንዶውስም ቢጫን፣ ፎርማትም ቢደረግ፣ እንደጠፋ ይቆያል። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው፦ ማሽኑን ስትሸጡት መመለስ አትርሱ። ገዢው የተበላሸ መስሎት ይከራከራችኋል። ያገለገለ የምትገዙም፣ ታችፓዱ አልሠራ ካለ ዋጋ ከማስቀነሳችሁ በፊት ባዮስን እዩ። ወይም ካስቀነሳችሁ በኋላ።

ሌሎች ብራንዶች ላይ ይህ ማጥፊያ የሚኖርም የማይኖርም ሞዴል አለ። ዴል በኤፍ2፣ ኤችፒ በኤፍ10 ይገባል፤ ገብታችሁ ፈልጉት።

ሁለቱንም አጠፋሁና ምንም መንካት አልቻልኩም!

ማውስ ተበደሩ። ዩኤስቢ ማውስ ሰክታችሁ መመለስ ነው፤ ጎረቤት የሌለው ሰው የለም።

ሌሊት ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱ አለ። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ አንድ ላይ ቴርሚናል ይከፍታሉ። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከማጥፋቴ በፊት የማብሪያውን ትዕዛዝ ጽፌ ኢንተር እላለሁ፤ የበራውን ማብራት ምንም አያደርግም። ከዚያ የማጥፊያውን። መመለስ ስፈልግ የላይ ቀስት ቁልፍን ሁለቴ መትቼ ኢንተር፤ የጻፍኩት ይመጣል።

ኤክስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ለሙከራ ይህን ውደዱት፦ «ኤክስኢንፑት ዲሴብል» ስሙ፣ ሴሚኮለን፣ «ስሊፕ 30»፣ ሴሚኮለን፣ «ኤክስኢንፑት ኢኔብል» ስሙ። ለ30 ሰከንድ ይጠፋል፣ ራሱ ይበራል። ያጠፋችሁት የምትፈልጉትን መሆኑን በዚያች ግማሽ ደቂቃ ታያላችሁ።

ፒኤስማውስ የሚባለውን ብላክሊስት አድርግ ተባልኩ።

ብላክሊስት ማድረግ ማለት እንዳይጫን ማገድ ነው፤ ይህ በመድፍ ትንኝ መግደል ነው። ፒኤስማውስ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ታችፓዱንም ቀይዋንም የሚያንቀሳቅሰው የከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ ልብ፣ ክፍል ነው፤ እሱን ስትዘጉት ሁለቱም ሊሄዱ ይችላሉ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ታችፓዱ በሌላ መስመር ስለሚገናኝ ምንም ላይጠፋ ይችላል።

ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል። ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ታችፓዱ ደንዝዞ ከቀረ «ሱዶ ሞድፕሮብ ሰረዝ አር ፒኤስማውስ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ሞድፕሮብ ፒኤስማውስ» በሉ። ብዙ ጊዜ ይነቃል፤ ሪስታርት ማድረግ ቀረላችሁ።

ቀይዋን ሳላጠፋት ማለዘብ ይቻላል?

ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ የማውስ ፍጥነት የሚለውን ዝቅ ስታደርጉ ብዙ ጊዜ እሷም ዝቅ ትላለች። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ፣ ከርነሉ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ፋይል ያዘጋጅላታል፤ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይቀበላል፣ ሲጀምር 128 ነው። «ሱዶ ፋይንድ»፣ ክፍተት፣ «ስላሽ ሲስ»፣ ክፍተት፣ «ሰረዝ ኔም»፣ ክፍተት፣ «ሴንሲቲቪቲ» ቦታውን ያሳያችኋል። ባዶ ከመጣ የእናንተ ሞዴል የለውም፤ አትድከሙ። ከተገኘ 80 አካባቢ አድርጋችሁ እዩት፣ ትረጋጋለች። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ወደ 128 ይመለሳል።

ቆቧን ነቅዬ ብጥል፣ ወይም ታችፓዱ ላይ ወረቀት ብለጥፍስ?

ቆቧ ብትነቀልም ዘንጓ ትሠራለች፤ እንዲያውም አቧራው ቀጥታ ሥሯ ይገባል። ቱሉ ዲምቱ ላይ በበጋ አቧራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሚኖርበት አልነግረውም። ቆቡ ይቀመጥ።

ወረቀት ደግሞ ስስ ከሆነ ታችፓዱ በእሱ ውስጥ አልፎ ጣትን ይሰማል። ወፍራም ካርቶን ይከለክለዋል፤ አንድ የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ደንበኛዬ የብስኩት ካርቶን ቆርጦ በፕላስተር ለጥፎበት ዓመት ሠርቶበታል። ሳየው ሳቅኩ፣ ግን አልነቀልኩበትም።